ከቅቤ የተገኘው አሲድና የደም ካንሰር፡ የ50 ዓመቱ ምርምር የት ደረሰ?

በሐረር የጁገል ግንብ ዙሪያ ከሚገኙት ገበያዎች ቅቤ ሊገዛ የወጣ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ቅቤውን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ለጋው ከመካከለኛው፣ መካከለኛውም ከበሳሉ የሚለየው በጠረኑ ነውና። ቅቤ ሲቆይ ለሚያመጣው ሰንፋጭ ጠረን ዋነኛው ምክንያት ቡቲሪክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ስሙም የተወሰደው ከላቲኑ የቅቤ መጠሪያ ነው።

ይህ አሲድ ከማጀት አልፎ በካንሰር ተመራማሪዎች ዘንድ ትልቅ ትኩረት ያገኘ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ አሲዱና ከእሱ የተሠሩ ውህዶች ሉኪሚያ ለተባለው የደም ካንሰር መድኃኒት ይሆኑ እንደሆነ በቤተ ሙከራም በሕሙማን ላይም ተሞክረዋል። “ቅቤ ውስጥ ያለው ነገር የካንሰር ሴል ያሸንፋል” የሚል ወሬ በየጊዜው የሚሰማውም ከዚሁ ምርምር እየተቆነጸለ ነው።

ወሬው ግማሽ እውነት አለው። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ግማሽ እውነትነቱ ነው። ልጁ በሉኪሚያ የታመመበት አባት ወሬውን አምኖ ወደ ሆስፒታል የሚያደርገውን ጉዞ በአንድ ወር ቢያዘገይ፣ ያ አንድ ወር የልጁን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በመሆኑም ምርምሩ ከምን ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳላስገኘ መለየቱ ተገቢ ነው።

ሉኪሚያ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ደም የሚመረተው በአጥንት ውስጥ በሚገኘው መቅኔ ነው። እዚያ የሚፈጠሩት ለጋ ሴሎች ደረጃ በደረጃ አድገው ኦክስጅን የሚያመላልሱ ቀይ የደም ሴሎች፣ ተህዋስያንን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎችና ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሌትሌቶች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ሴል አድጎ ሥራውን ይሠራል፤ ጊዜው ሲደርስም ይሞታል።

ሉኪሚያ ይህን ሥርዓት ያፈርሳል። ከለጋ ሴሎቹ አንዱ የዘር መረጃው ይዛባና ሳይጎለምስ መባዛቱን ይቀጥላል። ሥራ የማይሠሩት ሴሎች መቅኔውን ሲሞሉት ለጤነኞቹ ቦታ ይጠፋል። ሕመምተኛው ቀይ ሴል ሲያንሰው ይገረጣል፣ ይደክማል። ጤነኛ ነጭ ሴል ሲያንሰው ትኩሳትና ኢንፌክሽን ይመላለስበታል። ፕሌትሌት ሲያንሰው ደግሞ ከድዱና ከአፍንጫው ይደማል፣ ቆዳው ላይ ያለ ምክንያት ይበልዛል።

በሽታው በሁለት ዋና ክፍሎች ይታያል። አጣዳፊው በሳምንታት ውስጥ ሕመምተኛውን የሚጥል ሲሆን፣ ሥር የሰደደው ዓይነት ግን ለዓመታት ቀስ እያለ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም እንደ ሴሉ የዘር ሐረግ ሊምፎይድና ማይሎይድ ተብለው ስለሚከፈሉ በጥቅሉ አራት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው አጣዳፊው ሊምፎይድ ሉኪሚያ ነው።

ለአጣዳፊው ሉኪሚያ ዋነኛው ሕክምና ኬሞቴራፒ ነው። ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን የሚገድል በመሆኑ ከታመሙት ጋር ጤነኞቹንም ይጎዳል። የፀጉር መርገፍ፣ የአፍ መቁሰልና ለኢንፌክሽን መጋለጥ የሚመጡት ከዚህ የተነሣ ነው። ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ያጓጓው ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል። የታመመውን ሴል ከመግደል ይልቅ እንደ ጤነኛው አድጎ ጊዜውን ጠብቆ እንዲሞት ማድረግ አይቻልም ወይ?

ከቅቤ ወደ ቤተ ሙከራ

ቡቲሪክ አሲድን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከቅቤ ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኢዩጂን ሼቭሩል ነው። አሲዱ አራት የካርቦን አቶሞች ብቻ ያሉት አጭር የስብ አሲድ ነው። በላም ወተት ስብ ውስጥ ካሉት የስብ አሲዶች በክብደት ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል። በለጋ ቅቤ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተሳስሮ ስለሚገኝ አይሸትም። ቅቤው ሲቆይ ግን ከማሰሪያው እየተፈታ ይወጣና የሚታወቀውን ጠረን ይሰጣል።

ከሉኪሚያ ጋር ያገናኘው ታሪክ የሚጀምረው በአይጥ ሴሎች ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሻርሎት ፍሬንድ በአይጦች ላይ ሉኪሚያ የሚያስከትል ቫይረስ አግኝታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 እሷና ባልደረቦቿ በዚሁ ቫይረስ የታመሙ ሴሎችን ዲኤምኤስኦ በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ሲያሳድጓቸው ያልጠበቁት ነገር ሆነ። ለጋ ሆነው የቀሩት ሴሎች ሄሞግሎቢን መሥራት ጀመሩ፤ ማለትም ወደ ቀይ የደም ሴልነት ማደግ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 አቪቫ ሌደርና ፊሊፕ ሌደር የተባሉ ተመራማሪዎች ቡቲሪክ አሲድ ይህንኑ ሥራ እጅግ ባነሰ መጠን እንደሚሠራ አሳተሙ።

ግኝቱ ትልቅ ስሜት ፈጠረ። ካንሰር አንዴ ከሆነ የማይመለስ ነው ሲባል የነበረው ሴል፣ በሰው አካል ውስጥ በተፈጥሮ በሚገኝ ተራ ንጥረ ነገር ወደ ዕድገት መስመር ሊመለስ እንደሚችል ታየ።

አሲዱ በሴሉ ውስጥ ምን ይሠራል?

የአሠራሩ ምስጢር መገለጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ያለው ረጅሙ የዘር ክር ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ፣ ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠነጠን ተጠንጥኖ ይገኛል። ክሩ ላላ ያለበት ቦታ ላይ ያለው ትእዛዝ ይነበባል። ጠብቆ የተጠነጠነበት ቦታ ላይ ያለው ደግሞ ሳይነበብ ይቀራል።

ክሩ እንዲላላ ሂስቶኖቹ ላይ አሴቲል የሚባሉ ትንንሽ የኬሚካል ምልክቶች ይለጠፋሉ። እነዚህን ምልክቶች እያነሣ ክሩን መልሶ የሚያጠብቅ ኢንዛይም አለ፤ ሂስቶን ዲአሴቲሌዝ ይባላል። ቡቲሪክ አሲድ ይህን ኢንዛይም ይገታዋል። ኢንዛይሙ ሥራ ሲያቆም ምልክቶቹ ይበዛሉ፣ ክሩ ይላላል፣ ተዘግተው የነበሩ “እደግ” እና “መባዛት አቁም” የሚሉ ትእዛዞችም መነበብ ይጀምራሉ። የሉኪሚያው ሴል የሚጎለምሰው ወይም ራሱን የሚያጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ሕመምተኛው ሲደርስ

በብርጭቆ ውስጥ የሠራው ነገር በሰው ደም ውስጥ ይሠራል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በእስራኤል የሚገኙ ሐኪሞች አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ለያዘው አንድ ሕፃን የቡቲሪክ አሲድን ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ቡቲሬትን በደም ሥር ሰጥተው በሽታው በከፊል እንዳፈገፈገ ሪፖርት አደረጉ። ተስፋው ከፍ አለ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ አጣዳፊ ሉኪሚያ ባለባቸው ዘጠኝ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ሲወጣ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ። ሕሙማኑ በቀን በኪሎ ክብደታቸው 500 ሚሊ ግራም የሚደርስ ሶዲየም ቡቲሬት ሳይቋረጥ በደም ሥራቸው ለአሥር ቀናት ተሰጣቸው። መድኃኒቱ ብዙም አልጎዳቸውም። አልጠቀማቸውምም።

ምክንያቱ ተለካ። በደም ውስጥ የገባው ቡቲሬት በየ6 ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ጉበትና ሌሎች የአካል ክፍሎች እንደ ማንኛውም ምግብ አቃጥለው ይጨርሱታል። በዚህም የተነሣ በሕሙማኑ ደም ውስጥ የተገኘው መጠን በቤተ ሙከራ የሉኪሚያ ሴልን ለማሳደግ ከሚያስፈልገው ከአሥር ጊዜ በላይ ያነሰ ነበር። አሲዱ የሚሠራ ቢሆንም ሴሉ ዘንድ ደርሶ የሚቆይበት ጊዜ አላገኘም።

ከአሲዱ የተሠሩት ውህዶች

ተመራማሪዎቹ ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ አሲዱን ቶሎ እንዳይጠፋ አድርጎ ወደ መቀየር ዞሩ። ሦስት የቡቲሪክ አሲድ ሞለኪውሎችን በግሊሰሪን ላይ በማሰር የሚሠራው ትሪቡቲሪን በአፍ እንዲወሰድ ታስቦ ተሞከረ። በእስራኤል የተሠራውና ኤኤን 9 የተባለው ውህድ ደግሞ ወደ ሴሉ ከገባ በኋላ ተሰብሮ አሲዱን እዚያው እንዲለቅ የታቀደ ነበር። ሁለቱም በካንሰር ሕሙማን ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች ቢደረጉባቸውም ለሉኪሚያ የጸደቀ መድኃኒት ለመሆን አልበቁም።

ከሁሉም ርቆ የሄደው ፌኒልቡቲሬት ነው። ይህ ውህድ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የጸደቀ መድኃኒት ነው፤ የጸደቀው ግን ለካንሰር ሳይሆን፣ በዘር በሚተላለፍ ችግር ምክንያት አሞኒያ በደማቸው ውስጥ ለሚጠራቀምባቸው ሰዎች ነው። በደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከቡቲሬት ስለሚሻል የሉኪሚያ ተመራማሪዎች ተዋሱት።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከኒው ዮርክ የወጣ ሪፖርት ዓለምን አነጋገረ። አጣዳፊ ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ የተባለው ዓይነት ደጋግሞ ያገረሸበትና መድኃኒት እምቢ ያለው አንድ ሕመምተኛ፣ አትራ ከተባለው ከቫይታሚን ኤ ዝርያ መድኃኒት ጋር ፌኒልቡቲሬት ሲሰጠው በሽታው ሙሉ በሙሉ አፈገፈገ። በሴሎቹም ላይ የሂስቶን ምልክቶች መጨመራቸው በምርመራ ታየ። ሐሳቡ በሰው አካል ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማስረጃ ነበር። ሆኖም የአንድ ሰው ውጤት ነው።

በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተደረጉት ሰፋ ያሉ ጥናቶች ይበልጥ የተቆጠበ ሥዕል ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናት ፌኒልቡቲሬት ብቻውን ለአጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያና ለተቀራራቢ የመቅኔ በሽታዎች ሲሰጥ አንዳንድ ሕሙማን ላይ የደም ቆጠራ መሻሻል ቢታይም በሽታውን ያጠፋ አልነበረም። መጠኑ ሲጨመር ድብታና ግራ መጋባት ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ አዛሲቲዲን ከተባለ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ተሞከረና የተሻለ ምላሽ ታየ። ይሁንና አዛሲቲዲን ብቻውንም የሚሠራ መድኃኒት በመሆኑ የፌኒልቡቲሬት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ከዚያ ጥናት መለየት አይቻልም። እስከ ዛሬ ድረስ ከቡቲሪክ አሲድ የተሠራ አንድም ውህድ ለሉኪሚያ መደበኛ ሕክምና አልሆነም።

ታዲያ ምርምሩ ምን አስገኘ?

ይህ ማለት ድካሙ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። ከፍሬንድ ሴሎች የተነሣው መንገድ ቮሪኖስታት ወደተባለው መድኃኒት አድርሷል። ቮሪኖስታት ቡቲሪክ አሲድ የሚገታውን ኢንዛይም እጅግ ባነሰ መጠን የሚገታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በቆዳ ላይ ለሚወጣ የሊምፎማ ዓይነት ጸድቋል። ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ቫልፕሮይክ አሲድም የቡቲሪክ አሲድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚገታ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ሴሉን ከመግደል ማሳደግ የሚለው ሐሳብ ትልቁን ድል ያገኘው ግን በሌላ በር ነው። በሻንጋይ የቻይና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ አትራን ለአጣዳፊ ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ ሰጡ። ቀደም ሲል አብዛኛውን ሰው በደም መፍሰስ በቀናት ውስጥ ይገድል የነበረው ይህ በሽታ፣ አትራ ከአርሴኒክ ትራይኦክሳይድ ጋር ሲሰጥ ዛሬ ከሉኪሚያ ዓይነቶች ሁሉ በላቀ ሁኔታ ከሚድኑት አንዱ ሆኗል። ሁለቱም መድኃኒቶች በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል።

ቅቤ ቢበላስ?

አሁን ወደ ወሬው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1987ቱ ጥናት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን የሚደርሰው 30 ግራም ሶዲየም ቡቲሬት ነው። ያን ያህል ቡቲሪክ አሲድ ከቅቤ ለማግኘት በየቀኑ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ቅቤ መብላት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ በቀጥታ ወደ ደም ሥር የገባው 30 ግራም እንኳ አልበቃም። በአፍ የገባው ደግሞ ወደ ደም ዝውውሩ ሳይደርስ አንጀትና ጉበት ይጨርሱታል። ስለዚህ ቅቤ መብላት፣ መጠጣትም ሆነ መቀባት ሉኪሚያን አያክምም። በሳሉም ቢሆን ከለጋው የተሻለ መድኃኒት አይደለም።

እንዲያውም ጥንቃቄ ያሻል። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው የነጭ ደም ሴሉ በጣም ስለሚቀንስ ያልፈላ ወተትና ያልተነጠረ ቅቤ የሚይዟቸው ባክቴሪያዎች ለከፋ ኢንፌክሽን ሊያጋልጡት ይችላሉ። ወተቱ መፍላት፣ ቅቤው መነጠር አለበት።

አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ሰውነታችን ቡቲሬትን ራሱ ያመርታል። በትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያልተፈጨውን የምግብ አሰር ሲያብላሉት ቡቲሬት ይፈጠራል፤ የአንጀት ግድግዳ ሴሎችም ዋነኛ ማገዶ ያደርጉታል። የሐረርጌ ሰው የሚያዘወትረው የማሽላ እንጀራ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ምስር አሰር ያላቸው ምግቦች በመሆናቸው ለአንጀት ጤና ይጠቅማሉ። ጥቅሙ ግን አንጀት ላይ ነው፤ መቅኔ ውስጥ ላለ ሉኪሚያ ሕክምና አይደለም።

ሐረር ላለ ሕመምተኛ ሕይወት የሚያድነው ምንድን ነው?

በአካባቢያችን ሉኪሚያን የሚያዘገየው አንዱ ነገር ከሌላ በሽታ ጋር መመሳሰሉ ነው። ትኩሳትና ድካም ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ወባና ታይፎይድ ናቸው። ከግራ ጎድን በታች የሚያብጥ ጣፊያም በወባ ወይም በሌላ ተላላፊ በሽታ ሊሳበብ ይችላል፤ ሥር የሰደደው ማይሎይድ ሉኪሚያ ግን ዋና ምልክቱ ይኸው የጣፊያ ማበጥ ነው። በመሆኑም ለወባና ለታይፎይድ ታክሞ ያልተሻለው፣ የሚገረጣ፣ የሚደማ ወይም ያለ ምክንያት የሚበልዝ ሰው ሙሉ የደም ቆጠራና በማይክሮስኮፕ የሚታይ የደም ናሙና ምርመራ እንዲሠራለት መጠየቅ አለበት። ይህ በሆስፒታል ደረጃ የሚሠራ ተራ ምርመራ ነው፤ ጥርጣሬውን የሚያስነሣውም እሱ ነው። ከዚያ የመቅኔ ምርመራ ይከተላል።

በሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የሚያስተምርበት ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ መንግሥት የካንሰር ሕክምናን ከአዲስ አበባ ውጪ ለማስፋፋት ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳና ከመቀሌ ጋር ከመረጣቸው ተቋማት አንዱ ነው። የሉኪሚያ ሕክምና ግን የደም ሐኪም፣ ልዩ ላቦራቶሪና በቂ የደም ልገሳ ስለሚጠይቅ፣ የአገሪቱ ሕሙማን ለረጅም ዘመን የተመላለሱት ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከሐረር ይህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው።

መንገዱ ግን ከንቱ አይደለም። ለሥር የሰደደው ማይሎይድ ሉኪሚያ እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ብዙዎችን ለዓመታት በሥራቸው ላይ ያቆየ መድኃኒት ነው። ኢትዮጵያውያን ሕሙማንም በማክስ ፋውንዴሽን በኩል በጥቁር አንበሳ በነፃ ሲያገኙት ቆይተዋል። ሉኪሚያ የያዛቸው ሕፃናትም ተስፋ አላቸው። በበለጸጉት አገሮች አጣዳፊ ሊምፎይድ ሉኪሚያ ከያዛቸው ሕፃናት ከአሥሩ ዘጠኝ ገደማ ይድናሉ። በድሃ አገሮች ቁጥሩን ዝቅ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ሕክምናን አቋርጦ መሄድ ነው። ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ልጁ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ይመስላል፤ ወላጆች “ዳነልን” ብለው ይዘውት ሲመለሱ በሽታው ያገረሻል።

ይህን ችግር ለማቃለል የሚሠሩ የአገር ውስጥ ማኅበራት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ስሙን ያገኘው በሉኪሚያ ከሞተ ሕፃን ሲሆን መሥራቾቹ የልጁ ወላጆች ናቸው። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ማኅበርም ከክፍለ አገር ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ ያቀርባል።

ከቅቤ የተነሣው ምርምር 50 ዓመት ተጉዞ ሳይንስን ጠቅሟል፤ ለሉኪሚያ ሕመምተኛ የሚታዘዝ መድኃኒት ግን ገና አልወጣውም። የሚገረጣና የሚደማ ልጅ ያለው ቤተሰብ ቀዳሚ ሥራው የደም ቆጠራ ማስደረግ ነው። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ሐኪሙ “ጨርሳችኋል” እስኪል ማቋረጥ አይገባም።